የተደገመ ኢምፖርትን የሚከለክለው ሕግ ይቆይ፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በጃቫስክሪፕት የሚሠሩ ዴቨሎፐሮች እየተቀባበሉ የሚያነቡት አንድ ጽሑፍ ደረሰኝ። የጽሑፉ ሐሳብ ግልጽ ነው። በአንድ ፋይል ውስጥ ከአንድ ሞጁል ሁለት ጊዜ ኢምፖርት ማድረግን የሚከለክለው የሊንተር ሕግ ከፕሮጀክቶቻችን ይውጣ ይላል። ሊንተር ኮድን እያነበበ ጥፋት የሚጠቁም መሣሪያ ነው፤ ኢምፖርት ደግሞ በሌላ የኮድ ፋይል፣ ማለትም በሞጁል፣ ያለን ነገር ወደ ራስ ፋይል ማስገባት ነው።

ምክንያቶቹ በአጭሩ እነዚህ ናቸው። ሞጁል ሎድ የሚደረገው አንዴ ብቻ ስለሆነ መደጋገሙ ጉዳት የለውም። ኢምፖርትን በየሥራው ከፋፍሎ መጻፍ ለንባብ ይመቻል። ሁሉን አንድ ላይ ማጨቅ የመርጅ ግጭት (የሁለት ሰዎች ለውጥ ሲዋሃድ የሚመጣ ግጭት) ያበዛል። ሕጉ በጃቫስክሪፕት ላይ ታይፕን (የዳታን ዓይነት መግለጫ) ከሚጨምረው ቋንቋ ከታይፕስክሪፕት ጋር አይስማማም፤ አንዳንዴም ፕሮግራም ያበላሻል። እውነተኛውን ችግር አይዝም፤ የሊንት (ኮዱን የመፈተሻ) ጊዜም ይጨምራል። ጀማሪዎችን ደግሞ ያማርራል። ጸሐፊው በመጨረሻ «ማስቀረት ካልቻላችሁ ቢያንስ ማስጠንቀቂያ ብቻ አድርጉት» ብለው ይመክራሉ።

ጽሑፉ በጨዋነት የተጻፈ ነው። ጸሐፊውም ነገሩን የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ከጠቀሷቸው እውነታዎች ብዙዎቹ ትክክል ናቸው። የማልስማማው በደረሱበት ድምዳሜ ነው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልሂድ።

ከዚያ በፊት ግን ጽሑፉ ያላነሳው አንድ ነገር አለ። «ሕጉ» የሚባለው አንድ አይደለም፤ ሁለት ናቸው። አንደኛው ከራሱ ከጃቫስክሪፕት ሊንተሩ ከኢኤስሊንት ጋር የሚመጣው «ኖ-ዱፕሊኬት-ኢምፖርትስ» ነው። ኢኤስሊንትን ኒኮላስ ዛካስ የጀመረው በ2013 ነው፤ ይህ ሕግ ደግሞ በ2016 በ2.5.0 ስሪት ገባ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኢኤስሊንት ራሱ ከሚመክራቸው ሕጎች ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ አንድ ሰው ፈልጎ ካላበራው አይሠራም። ስህተቱን ይናገራል እንጂ አያርምም። ሁለተኛው «ኢምፖርት/ኖ-ዱፕሊኬትስ» ይባላል። የሚመጣው ኢኤስሊንት-ፕለጊን-ኢምፖርት ከሚባለው ተጨማሪ ጋር ነው። ይሄኛው የፋይሉን አድራሻ እስከ ትክክለኛው ፋይል ድረስ ተከታትሎ ያያል፤ ራሱም ማረም ይችላል። ጽሑፉ ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ የአንዱን ድክመት ለሁለቱም ይሰጣል። ይህ ልዩነት ወደ ታች ስንወርድ ብዙ ነገር ይወስናል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ። «ሞጁል ሎድ የሚደረገው አንዴ ብቻ ነው።» እውነት ነው። የጃቫስክሪፕት ሞጁሎች በ2015 በስታንዳርዱ ውስጥ ሲገቡ ጀምሮ፣ አንድ ፋይል አንድን አድራሻ ደጋግሞ ቢጠይቅ የሚያገኘው ያንኑ አንድ ሞጁል ነው። ሞጁሎችን አንድ ላይ የሚያሽጉት መሣሪያዎች፣ ዌብፓክም ሆነ ሮልአፕ፣ ያንኑ ሞጁል ሁለቴ አያሽጉም። «ኢምፖርት ስትደግም ፕሮግራሙ ይዘገያል» ብሎ የሚያስተምር ሰው ካለ ተሳስቷል። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጎን እቆማለሁ።

ግን ይህን ሕግ ማንም ለፍጥነት ብሎ አላወጣውም። ሕጉ የሚጠብቀው ኮዱን የሚያነበውንና ነገ የሚቀይረውን ሰው ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቀን የሚቀይር ሞጁል አለን እንበል። በውስጡ የፈረንጅን ቀን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቀይር አንድ ፈንክሽን አለ። አንዷ ባልደረባችን የሪፖርት ፋይሉ ሦስተኛ መስመር ላይ ፈንክሽኑን «ቀይር» የሚል ስም ሰጥታ ኢምፖርት አደረገችው። ከወራት በኋላ ሌላ ሰው መጣ። ላይኛውን መስመር ልብ ሳይል ያንኑ ፈንክሽን አሥራ ዘጠነኛው መስመር ላይ «ወደኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞ ድጋሚ አስገባው። ሁለቱ ስሞች ቢመሳሰሉ ኖሮ ኮዱን የሚያስኬደው ኢንጂን ራሱ አንድ ስም ሁለቴ ታወጀ ብሎ ፋይሉን አልቀበልም ይል ነበር። ስማቸው ስለተለያየ ግን ያልፋል። ቴስቱም ያልፋል።

አሁን ፋይሉ ውስጥ አንድ ፈንክሽን በሁለት ስም ይኖራል። ግማሹ ኮድ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ይጠራዋል። ቀጥሎ አንድ ችግር ተገኘ እንበል፤ የድሮው ፈንክሽን ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ይሳሳታል። አዲስ ፈንክሽን ተጻፈ። የሚያስተካክለው ልጅ ፋይሉን ከፍቶ ሦስተኛው መስመር ላይ የድሮውን በአዲሱ ተካው። ሥራው ያለቀ መሰለው፤ ምክንያቱም ከአንድ ሞጁል የሚመጣው ነገር ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ነው ብሎ ያምናል። አሥራ ዘጠነኛው መስመር ግን አሁንም የድሮውን ይጠራል። ሪፖርቱ ላይኛው ገጽ ላይ ትክክለኛ ቀን ያሳያል፤ ታችኛው ሠንጠረዥ ላይ በአንድ ቀን የተሳሳተ።

ሞጁሉ ሎድ የተደረገው አንዴ ነው። ስህተቱ ግን ደንበኛው እጅ ላይ ደርሷል። «ጉዳት የለውም» የሚለው ቃል እዚህ ምሳሌ ላይ አይሠራም።

ስለዚሁ ነጥብ አንድ ነገር ልጨምር። «አንዴ ብቻ» የሚለው ነገር ቅድመ ሁኔታ አለው፤ አድራሻው አንድ መሆን አለበት። ብሮውዘር ሞጁሎችን የሚለየው በዩአርኤል ነው። ጃቫስክሪፕትን ከብሮውዘር ውጭ የሚያስኬደው ኖድም በስታንዳርዱ ለገቡት ሞጁሎች እንደዚያው ያደርጋል። አድራሻው መጨረሻ ላይ የጥያቄ ምልክትና አንድ ቃል ከተጨመረ ሌላ ዩአርኤል ነው። ፋይሉ ያው ሆኖ ሁለቴ ይሠራል፤ በውስጡ የያዘው መረጃም ሁለት ቅጂ ይሆናል። በማክና በዊንዶውስ ላይ ደግሞ የፋይል ስም በትልቅና በትንሽ ፊደል ተለያይቶ ቢጻፍም ፋይሉ ይከፈታል። የሞጁሉ ሥርዓት ግን እንደ ሁለት ሊያየው ይችላል። ታይፕስክሪፕት ይህን የሚከለክለውን ምርጫ ከ5.0 ስሪት ጀምሮ ሳይጠየቅ የሚያበራው ያለ ምክንያት አይደለም። የፕለጊኑ ሕግ በጥያቄ ምልክት የተለያዩትን አድራሻዎች እንደ ድግግሞሽ ቆጥሮ ያሳያችኋል። ልዩነቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ከሆነ ደግሞ እንዲያልፋቸው ማዘዝ ይቻላል። ከኢኤስሊንት ጋር የሚመጣው ሕግ ግን የአድራሻውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ብቻ ስለሚያወዳድር ይህን አያይም። ጸሐፊው «ሕጉ እውነተኛውን ችግር አይዝም» ሲሉ ያዩት ይሄኛውን ብቻ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ነጥብ ስለ ንባብ ነው። ጸሐፊው የሰጡት ምሳሌ ጥሩ ነው። ከአንድ ሞጁል ለስክሪኑ የሚያስፈልጉት በአንድ ኢምፖርት ይመጣሉ፤ ለዳታው የሚያስፈልጉት በሌላ። ከየላያቸው አጭር ኮሜንት አለ። ለዓይን ያምራል፤ አልክድም።

ግን ይህ ውበት እንዲገኝ ኢምፖርቱ መከፈል የለበትም። በአንዱ ቅንፍ ውስጥ ስሞቹን በየመስመሩ መደርደር ይቻላል። በመካከላቸውም ኮሜንት መጻፍ ይቻላል። የኮድን አቀማመጥ ራሱ የሚያስተካክለውን ፕሪቲየርን የምትጠቀሙ ከሆነ መስመሩ 80 ፊደል ካለፈ ራሱ ይዘረዝረዋል። ንባቡ ሳይጎዳ አድራሻው አንዴ ብቻ ይጻፋል።

ከዚህ የሚበልጥ ነገርም አለ። ከአንድ ሞጁል ሃያ ስም የሚያስገባ ፋይል ስታዩ ርዝመቱ ራሱ አንድ ነገር ይነግራችኋል። ወይ ሞጁሉ የማይገናኙ ነገሮችን ሰብስቧል፤ ወይ ፋይሉ የሁለት ፋይል ሥራ ይዟል። ጸሐፊው ያቀረቡት ምሳሌ ራሱ እንዲህ ነው። ስክሪንና ዳታ ከአንድ ሞጁል ይወጣሉ። እኔ ብሆን ኢምፖርቱን ትቼ ሞጁሉን ለሁለት እከፍለው ነበር። ኢምፖርቱን አምስት አምስት እያሉ መበተን ርዝመቱን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ አይቀንሰውም። የኤርቢኤንቢ ኩባንያ የጃቫስክሪፕት አጻጻፍ መመሪያም ከአንድ አድራሻ የሚመጣው በአንድ ቦታ ብቻ ይሁን የሚለው በዚሁ መንፈስ ነው። ብዙ መስመር ሲሆን ኮዱን መንከባከብ ይከብዳል ይላል።

ወደ መርጅ ግጭት እንለፍ። ጸሐፊው የሚሉት ይሄ ነው። ሁለት ሰዎች በሁለት ብራንች (ለየብቻ በሚሠራባቸው የኮዱ ቅጂዎች) ላይ ያንኑ መስመር ነክተው ስም ከጨመሩ፣ የኮዱን ለውጦች የሚመዘግበው ጊት ላይ ግጭት ይፈጠራል። እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ኢምፖርት ቢጨምሩ ግን በሰላም ይዋሃዳል። ጊት የሚያወዳድረው በመስመር ስለሆነ የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው። ስሞቹ በየመስመሩ ሲደረደሩና በፊደል ተራ ሲቀመጡ ግጭቱ ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም። ይህን አምናለሁ።

ጥያቄዬ «በሰላም ይዋሃዳል» የሚለው ላይ ነው። ሁለቱም ልጆች ያንኑ ፈንክሽን ፈልገው ቢሆንስ? አንዱ ሦስተኛ መስመር ላይ፣ ሌላው አሥራ ዘጠነኛ መስመር ላይ ያስገቡታል። እያንዳንዱ ብራንች ለብቻው ቴስቱን ያልፋል። ጊት ያለ ምንም ቅሬታ ያዋህዳቸዋል። ዋናው ብራንች ላይ ሲደርስ ግን አንድ ስም ሁለቴ ስለታወጀ ፋይሉ አይከፈትም። ስማቸው የተለያየ ከሆነ ደግሞ ከላይ ያየነው የጳጉሜን ስህተት በር ይከፈታል። ግጭት ሲመጣ ሁለቱ ሰዎች ወዲያው ያውቃሉ፤ ሁለቱን ስም አስቀርተው ይቀጥላሉ። ዝም ብሎ የተዋሃደ ድግግሞሽን ግን ማንም አያውቅም። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ሳላመነታ ግጭቱን እመርጣለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ሐቅ መጥቀስ ይገባል። በፓይተን ዓለም ግጭትን ለመቀነስ ብለው እያንዳንዱን ስም በራሱ የኢምፖርት መስመር የሚጽፉ ቲሞች አሉ። አይሶርት የሚባለው መሣሪያ ለዚህ የሚሆን ምርጫ አለው። ይህን አከብራለሁ፤ ምክንያቱም እሱም ሕግ ነው። ሁሉም ፋይል ላይ በአንድ ዓይነት ይሠራል፤ መሣሪያው ራሱ ያስፈጽመዋል። አንባቢም ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል። ጸሐፊው ያቀረቡት ግን ይህን አይደለም። እንደ ሰዉ ምርጫ ይሁን ነው ያሉት። ያኔ አንዱ ፋይል አንድ ዓይነት፣ ሌላው ሌላ ዓይነት ይሆናል።

አሁን ታይፕስክሪፕት። በዚህ ነጥብ ላይ ጸሐፊው በከፊል ትክክል ናቸው፤ ነገሩም ሰፋ ያለ ነው።

ታይፕስክሪፕት በ2020 መጀመሪያ በ3.8 ስሪት «ኢምፖርት ታይፕ» የሚለውን አጻጻፍ አመጣ። ታይፕ ብቻ የሚያስገባ ኢምፖርት ነው፤ ኮዱ ወደ ጃቫስክሪፕት ሲቀየር ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ሰዎች ከአንድ ሞጁል ፈንክሽኑን በአንድ መስመር፣ ታይፑን በሌላ መስመር መጻፍ ጀመሩ። ከኢኤስሊንት ጋር የሚመጣው ሕግ ደግሞ ይህን እንደ ድግግሞሽ ቆጥሮ ስህተት ይል ነበር። ሕጉ የተጻፈው ለጃቫስክሪፕት ስለነበር ይህን ልዩነት አያውቅም። የሰዎቹ ቅሬታ ተገቢ ነበር። በዚያ ላይ «ኢምፖርት ታይፕ» ውስጥ ዲፎልቱን (ሞጁሉ ዋና ብሎ የሚያወጣውን) እና በቅንፍ ያሉትን ስሞች አንድ ላይ መጻፍ አይፈቀድም። ስለዚህ ሁለት መስመር መጻፍ ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ጽሑፉ ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ታሪኩ ግን ይቀጥላል። በ2021 መጨረሻ ታይፕስክሪፕት 4.5 «ታይፕ» የሚለውን ቃል በቅንፍ ውስጥ ከእያንዳንዱ ስም ፊት መጻፍ ፈቀደ። ፈንክሽኑና ታይፑ በአንድ ኢምፖርት አብረው መኖር ቻሉ። የፕለጊኑ ሕግ ታይፕ የሚያስገባውን መስመር ከሌላው ለይቶ ነው የሚቆጥረው፤ አንድ ፈንክሽን የሚያስገባ መስመርና አንድ ታይፕ የሚያስገባ መስመር ቢኖሩ ዝም ይላል። አንድ ላይ ይሁኑ የሚል ቲም ደግሞ «ፕሪፈር-ኢንላይን» የሚለውን ምርጫ ያበራል። ከኢኤስሊንት ጋር የሚመጣው ሕግም በ9ኛው ስሪት ዘመን የታይፕ ኢምፖርት ተለይቶ እንዲጻፍ የሚፈቅድ ምርጫ ተጨምሮለታል። ጸሐፊው የገለጹት ችግር ነበር፤ አሁን ግን መፍትሔ አለው። ለዚህ ብሎ ሕጉን መጣል አያስፈልግም።

እንዲያውም እዚህ ሠፈር ውስጥ ጽሑፉ ያልነካው ከባድ ነገር አለ። በ2023 ታይፕስክሪፕት 5.0 «ቨርባቲም-ሞጁል-ሲንታክስ» የሚባል ምርጫ አመጣ። ይህ ሲበራ «ታይፕ» ያልተባለበት ኢምፖርት ሁሉ እንዳለ ይቀመጣል። አሁን አንድ ሰው በቅንፍ ውስጥ ታይፖችን ብቻ፣ እያንዳንዳቸውን «ታይፕ» ብሎ አስገባ እንበል። ስሞቹ ይጠፋሉ፤ ባዶ ቅንፍ ያለው ኢምፖርት ግን ይቀራል። ያ ባዶ መስመር ሞጁሉን ሎድ ያስደርጋል። ሳይፈለግ ማለት ነው። ስለዚህ የእኔ አሠራር እንዲህ ነው። ታይፕ ብቻ ከሆነ የምንፈልገው ሙሉውን «ኢምፖርት ታይፕ» እንጻፍ። ፈንክሽንም ካለ ሞጁሉ ለማንኛውም ሎድ ስለሚደረግ ታይፑን በዚያው ቅንፍ ውስጥ እንጨምር። ይህ ሕጉን አይጥስም።

የጽሑፉ ጠንካራ ምሳሌ ግን ይሄኛው ነው። አንድ ሞጁል ሎድ ሲደረግ የስክሪን ኤለመንት ይመዘግባል፤ ለምሳሌ አንድ በተን። ፋይሉ ኤለመንቱ እንዲመዘገብለትም ይፈልጋል፤ የበተኑን ታይፕም ይፈልጋል። በተራ ኢምፖርት ካስገባውና የተጠቀመበት እንደ ታይፕ ብቻ ከሆነ፣ ታይፕስክሪፕት «አያስፈልግም» ብሎ መስመሩን ይጥለዋል። ኤለመንቱ ሳይመዘገብ ይቀራል። ስለዚህ ሰዎች አድራሻውን ብቻ የያዘ ባዶ ኢምፖርት ከላይ ይጨምራሉ። ጸሐፊው «ሕጉ ይህን ይከለክላል፤ ሰዎቹም አንዱን አጥፍተው ፕሮግራሙን ይሰብራሉ» ይላሉ።

መልሱ ሁለተኛውን መስመር በግልጽ «ኢምፖርት ታይፕ» ማድረግ ነው። አንዱ መስመር «ሞጁሉን ሎድ አድርግ» ይላል። ሌላው «ታይፑን ብቻ ስጠኝ» ይላል። የፕለጊኑ ሕግ ሁለቱን አይነካም። ኮዱን የሚያነብ ሰውም ለምን ሁለት እንደሆኑ ያያል። ያለ «ታይፕ» ሲጻፉ ግን ሁለቱ መስመሮች ተራ ድግግሞሽ ይመስላሉ። ሊንተር ባይኖርም አንድ ቀን አንድ ሰው «ይሄማ ተደግሟል» ብሎ ያጠፋዋል። ስለዚህ እዚህ ምሳሌ ላይ ሕጉ ሰውየውን ሐሳቡን በግልጽ እንዲጽፍ ነው ያስገደደው።

ስለ ቅደም ተከተልም ጽሑፉ ያነሳው ስጋት አለ። ሞጁሎች የሚሠሩት መጀመሪያ በተጠቀሱበት ተራ ነው። አንደኛው መስመር ላይ «ሀ»፣ ሁለተኛው ላይ «ለ»፣ ሦስተኛው ላይ እንደገና «ሀ» ካለ፣ ቀድሞ የሚሠራው «ሀ» ነው። ሰው ሁለቱን የ«ሀ» መስመሮች ወደ ታችኛው ካዋሃዳቸው «ለ» ይቀድማል፤ ተራ የሚጠብቅ ሞጁል ካለ ይበላሻል። ይህ እውነተኛ አደጋ ነው። መፍትሔው ወደ ላይኛው ማዋሃድ ነው፤ የፕለጊኑ ማረሚያ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። በቋንቋው ሰዋስው መሠረት ሊዋሃዱ የማይችሉም አሉ፤ በኮከብ ምልክት ሙሉ ሞጁሉን የሚያስገባውና በቅንፍ ስም የሚያስገባው አንድ መስመር ላይ አይጻፉም። እነዚህንም ሁለቱ ሕጎች ያልፏቸዋል።

ጀማሪዎችን በተመለከተ ደግሞ ከልቤ የምለው አለኝ። ጸሐፊው ቀይ መስመር ጀማሪን ያሸማቅቃል ይላሉ። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። ቀይ መስመሩ የሚመጣው ልጁ እየጻፈ ሳለ፣ ኤዲተሩ ላይ፣ ማንም ሳያይ ነው። ሕጉ ካልኖረ ያንኑ አስተያየት የሚሰጠው ሲኒየሩ ነው። ፑል ሪኩዌስቱ (ለውጡ ለግምገማ የሚቀርብበት ገጽ) ላይ፣ ቲሙ ሁሉ በሚያነበው ቦታ ይጽፈዋል። ገና ሥራ የጀመረ ልጅን የበለጠ የሚያሸማቅቀው የቱ ነው? ደግሞ የሲኒየሩ ጊዜ ውድ ነው። የቀን አቆጣጠሩ ሎጂክ ልክ መሆኑን ቢያይለትና ቢያስረዳው ልጁ ይማራል። «ሦስተኛውና አሥራ ዘጠነኛው መስመር ይዋሃዱ» ከሚል አስተያየት ግን የሚማረው ትንሽ ነው። ይህን ማሽኑ ይሥራው። የፕለጊኑ ሕግ ፋይሉ ሴቭ ሲደረግ እንዲያርም ማድረግ ይቻላል። ኢምፖርቱ አካባቢ ኮሜንት ካለና ማረሙ የሚያሰጋ ከሆነ ሳይነካ ለሰው ይተወዋል።

«የሊንት ጊዜ ይጨምራል» የሚለው እውነት ነው፤ የፕለጊኑ ሕግ ፋይል ስለሚፈልግ ቀለል ካለው ሕግ ይበልጥ ጊዜ ይወስዳል። በዚህ አልከራከርም።

የቀረው «ማስጠንቀቂያ ብቻ ይሁን» የሚለው ነው። ማንንም የማያስቆም ማስጠንቀቂያ ይከማቻል። ብዙ ሲሆን ማንም አያነበውም፤ ያኔ ከመካከሉ ያለው ከባድ ማስጠንቀቂያም አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ የፕለጊኑን ሕግ እንደ ስህተት አብሩት። ከኢኤስሊንት ጋር የሚመጣውን ደግሞ አጥፉት፤ አለበለዚያ አንዱ ጥፋት ሁለቴ ይነገራችኋል። በእውነት መደጋገም የሚያስፈልግበት ቦታ ካለ ሕጉን ለዚያ መስመር ብቻ ዝጉና ምክንያቱን ጻፉ። ከ7ኛው ስሪት ጀምሮ ኢኤስሊንት ከሁለት ሰረዝ በኋላ ምክንያት መጻፍ ይፈቅዳል። ከ9ኛው ጀምሮ ደግሞ የማያስፈልግ መዝጊያ ሲያገኝ ሳይጠየቅ ይነግራችኋል።

የቆየ ፕሮጀክት ላይ ከሆናችሁ ማረሚያውን በአንድ ለብቻው በሆነ ኮሚት (በጊት የሚመዘገብ ለውጥ) አሂዱት። ከሌላ ለውጥ ጋር አትቀላቅሉት። ቴስቱን ከዚያ በኋላ አስኪዱ፤ በተለይ ተራ የሚጠብቁ ሞጁሎች ካሏችሁ። የኮሚቱን መለያ ደግሞ ጊት በብሌም ጊዜ (እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈው ሲያሳይ) እንዲዘላቸው የሚፈለጉ ኮሚቶች ወደሚጻፉበት ፋይል ጨምሩት። ጊት ይህን ከ2.23 ስሪት ጀምሮ ይችላል፤ ጊትሀብም ያነበዋል። ያኔ ያንን ኢምፖርት መጀመሪያ ማን እንደጻፈው ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የማረሚያው ኮሚት አይጋርደውም።